ስክሪንሾት ወረቀት ላይ ለምን ይደበዝዛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ላይ የጽሕፈት፣ የፕሪንትና የጥራዝ ስራ ነው የምሰራው። የምረቃ ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ልጆች ፕሮጀክታቸውን፣ የመስሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ የሲስተም ስልጠና ማኑዋላቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ጽሁፉ ቆንጆ ሆኖ ይወጣና ስክሪንሾቱ ጋ ሲደረስ ምንም አይነበብም፣ ከዛ ጥያቄው ይጀምራል። በየቀኑ አንድ አይነት መልስ ስለምሰጥ እዚህ ጻፍኩት፣ ለቡሬም ለሞጣም ለፍኖተ ሰላምም ያው ነው።

ስክሪን ላይ ጥርት ያለው ወረቀት ላይ የሚደበዝዘው ፕሪንተራችሁ አርጅቶ ነው አይደል?

ኧረ ፕሪንተሩን ተዉት! እዛው ገጽ ላይ ያለው የተተየበ ጽሁፍ ጥርት ብሎ ከወጣ ፕሪንተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የተተየበ ፊደል ዎርድ ውስጥ ቅርጹ ስለሚታወቅ ፕሪንተሩ በራሱ ሙሉ አቅም ነው የሚስለው፣ ስክሪንሾት ውስጥ ያለው ፊደል ግን ፊደል አይደለም፣ የፒክስል፣ ማለትም የትናንሽ ባለቀለም ነጥቦች፣ ስዕል ነው። ስትነሱት 12 ፒክስል ቁመት ከነበረው ወረቀት ላይም ያው 12 ፒክስል ነው፣ ብትጎትቱት አይጨምርም፣ ፕሪንተር ብትቀይሩም አይጨምርም። ስለዚህ ስራው ያለው ስክሪንሾቱን ከማንሳታችሁ በፊት ነው፣ ስክሪኑ ላይ ፊደሉን አተልቁት፣ የሚያስፈልገውን ቦታ ብቻ አንሱ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር የዚሁ ዝርዝር ነው።

አድቫይዘሬ ሁሉም ምስል 300 ዲፒአይ ይሁን ብሎኛል፣ እንዴት ነው የማደርገው?

ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ ወይም ፒክስል እንዳለ ነው፣ 300 የፎቶ ልክ ነው። ስክሪንሾት ላይ በጭፍን ከተከተላችሁት የሚሆነውን ልንገራችሁ። አብዛኛው ልጅ የሚይዘው ላፕቶፕ ስክሪኑ 1366 በ768 ፒክስል ነው። የጥራዝ ማርጂን ከተወ በኋላ ኤፎር ወረቀት ላይ የሚቀረው የጽሁፍ ስፋት ወደ 15 ሳንቲሜትር፣ 6 ኢንች ገደማ ነው። ሙሉ ስክሪኑን እዛ ላይ ስታሳርፉት በኢንች ወደ 228 ፒክስል ይሆናል፣ በቁጥር ሲያዩት ጥሩ ነው፣ ግን ዊንዶውስ ላይ የተለመደው የሜኑ ፊደል 12 ፒክስል ነው፣ እሱ ወረቀቱ ላይ 1.3 ሚሊሜትር ይሆናል፣ በፎንት ሳይዝ ስናስበው 4 እንኳን አይሞላም። እናንተ የምትጽፉት በ12 ነው! 300 ይሁን ብላችሁ ይበልጥ ካሳነሳችሁትማ ጭራሽ ጉንዳን ነው የሚያክለው።

ዲፒአዩን አንድ ሶፍትዌር ውስጥ ገብታችሁ ከ96 ወደ 300 ብትቀይሩትም ቁጥሩ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ምስሉ ያው ነው። ሶፍትዌሩ ፒክስል ጨምሬያለሁ ካለ ደግሞ ከአጠገብ ያሉትን ቀላቅሎ የፈጠረው ነው፣ ፊደሉ የሚደበዝዘውም ያኔ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ስንት ላይ ላድርገው?

እኔ ሁሌ የምጠቀመው 150 ነው። ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ያለው ሌዘር ፕሪንተር ብዙውን ጊዜ በኢንች 600 ነጥብ ነው የሚያትመው፣ 600 ለ150 ሲካፈል 4 ይሆናል፣ ስለዚህ አንዷ ፒክስል ልክ 4 በ4 ነጥብ ላይ ታርፋለች፣ ጠርዟም ቀጥ ይላል። 120፣ 200 እና 300ም ለ600 እኩል ይካፈላሉ። 137 ወይም 228 ላይ ሲሆን ግን አንዱ ፒክስል 4 ነጥብ ሌላው 5፣ አንዱ 2 ሌላው 3 ይደርሰዋል፣ ቀጭን መስመር ያለበት ሰንጠረዥ ላይ አንዱ መስመር ወፍሮ አንዱ ቀጥኖ የምታዩት ከዚህ የተነሳ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም፣ የስክሪንሾቱን የጎን ፒክስል ለ150 አካፍላችሁ በ2.54 ማባዛት ነው፣ በሳንቲሜትር ይመጣል። 900 ፒክስል ከሆነ 15.24፣ 600 ከሆነ 10.16፣ 450 ከሆነ 7.62። ዎርድ ላይ ምስሉን ራይት ክሊክ፣ ሳይዝ ኤንድ ፖዚሽን፣ እዛ ዊድዝ የሚለው ላይ ቁጥሩን ጻፉ። በማውስ ጥግ ይዞ መጎተት ይቅር፣ አንዱ ስክሪንሾት ላይ ፊደሉ ትልቅ ሌላው ላይ ትንሽ የሚሆነው በሱ ነው፣ ጎኑን ይዞ የሚለጥጥ ሰውማ አለ እሱን ተዉት።

አሁን ስክሪኑን ማተለቅ። ዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ስኬል የሚለውን 125 ወይም ላፕቶፑ ከቻለው 150 ፐርሰንት አድርጉት። 12 ፒክስል የነበረው ፊደል 125 ላይ 15፣ 150 ላይ 18 ፒክስል ይሆናል፣ ተለጥጦ ሳይሆን እንደ አዲስ ጥርት ብሎ ተስሎ። 18 ፒክስሉ በ150 ሲታተም 8 ተኩል ፎንት አካባቢ ነው፣ ይሄ ያለ መነጽር ይነበባል። ሲስተሙ ብሮውዘር ላይ የሚሰራ ከሆነ ደግሞ ስኬሉን ሳትነኩ ኮንትሮል ይዛችሁ ፕላስ መጫን ብቻ ነው። ከዛ መስኮቱን አጥብቡት፣ ወደ 900 ፒክስል ስፋት፣ በዛ አንሱ።

አንድ ጣጣ አለው፣ አሮጌ ሶፍትዌር ስኬል ሲጨመርበት ራሱ ሊደበዝዝ ይችላል፣ አዲሱን ልክ ስለማያውቅ ዊንዶውስ በግድ ነው የሚለጥጠው። እንደዛ ካያችሁ ስኬሉን ወደ 100 መልሱ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ከዛ በጣም ጠበብ አድርጋችሁ የምትፈልጉትን ቁራጭ ብቻ አንሱ።

ሲስተሙ በአማርኛ ነው የተሰራው፣ ልዩነት አለው?

አለው፣ እንዲያውም ዋናው እዚህ ነው። እንግሊዝኛ ፊደል ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ከቃሉ ቅርጽ ይገምተዋል። የኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው ትንሿ ምልክት ላይ ነው። ሉ እና ሊን እዩ፣ አንደኛው ምልክቷ ወገቡ ላይ ናት ሌላኛው እግሩ ስር፣ ሌ ደግሞ እግሩ ላይ ቀለበት አለችው። 12 ፒክስል ላይ ያቺ ምልክት አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ብቻ ናት የሚደርሳት፣ ምስሉ ትንሽ ከተቀላቀለ ሶስቱም አንድ ይሆናሉ። ማኑዋሉ ላይ «ይሙሉ» የሚለውና «ይሙሊ» የሚለው አይለይም። ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቄም ያው ነው። ስለዚህ አማርኛ ያለበት ስክሪንሾት ከሆነ 100 ፐርሰንት ላይ አታንሱ፣ የግድ አተልቁ። ፎቶ ኮፒ ይደረጋል ካላችሁ ደግሞ ከዛም በላይ።

ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ልላክላችሁ?

ላኩ፣ ግን በፎቶ አትላኩ፣ በፋይል ላኩ። በፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ ወደ ጄፔግም ይቀይረዋል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ነው የሚጨምቀው፣ ለሰው ፊትና ለአባይ ፏፏቴ ፎቶ ጥሩ ነው፣ ነጭ ላይ ጥቁር ፊደል ሲሆን ግን ፊደሉ ዙሪያ አቧራ የመሰለ ነገር ይበተናል። ስክሪን ላይ ላይታያችሁ ይችላል፣ ሌዘር ፕሪንተር ግን አቧራውን በደንብ ያወጣዋል። ስክሪንሾት ፒኤንጂ ይሁን፣ ፒኤንጂ ምንም ሳይጥል ነው የሚጨምቀው። አንዴ ጄፔግ የሆነውን መልሶ ፒኤንጂ ብሎ ሴቭ ማድረግ ጥቅም የለውም፣ አቧራው አብሮ ነው የሚቀመጠው። ዋትስአፕም ያው፣ በዶክመንት። ካልሆነ ፍላሽ ይዞ መምጣት፣ ቫይረሱን እኛ እንቋቋመዋለን።

ስክሪኑን በስልክ ካሜራ ባነሳውስ?

አይሆንም። የስክሪኑ ፒክስልና የካሜራው ፒክስል ሲደራረቡ የሞገድ መስመር ይፈጠራል፣ የአምፖሉ ነጸብራቅም አለ፣ ፕሪንት ሲደረግ ግማሹ ይጠቁራል። ዊንዶውስ፣ ሺፍት እና ኤስ አንድ ላይ ጫኑ፣ የምትፈልጉትን ከልሉ፣ ዎርድ ላይ ፔስት። የአንድ መስኮት ብቻ ከሆነ አልት ይዛችሁ ፕሪንት ስክሪን። ዊንዶውስና ፕሪንት ስክሪን አንድ ላይ ከተጫነ ደግሞ ፒክቸርስ ስር ስክሪንሾትስ የሚል ፎልደር ውስጥ በፒኤንጂ ራሱ ያስቀምጠዋል።

ሳስገባው ጥርት ያለ ነበር፣ ዶክመንቱን ሴቭ አድርጌ መልሼ ስከፍተው ደበዘዘ፣ አብጄ ነው?

አላበዳችሁም። ዎርድ ሴቭ ሲያደርግ ፋይሉ እንዳይከብድ ምስሎችን በኢንች ወደ 220 ፒክስል ያወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ሲጫን ጀምሮ እንደዛ ነው የሚመጣው። ከ220 በላይ ያለው ምስላችሁ ይቀላቀላል ማለት ነው፣ ያው ከላይ ያልኩት እኩል ያለመካፈል ጣጣ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ፣ ወረድ ስትሉ ኢሜጅ ሳይዝ ኤንድ ኳሊቲ የሚል አለ፣ እዛ «ዱ ኖት ኮምፕረስ ኢሜጅስ ኢን ፋይል» የሚለው ላይ የራይት ምልክት አድርጉ። ይሄ ለተከፈተው ዶክመንት ብቻ ነው፣ ለሌላው ደግሞ እንደገና ነው። ስክሪንሾት ከማስገባታችሁ በፊት ነው የሚደረገው፣ አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ብታደርጉት የጠፋው አይመለስም፣ ዋናውን ፒኤንጂ መልሳችሁ ማስገባት ነው። ለዚህም ነው ስክሪንሾቶቹን ለብቻ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ የምለው፣ ሁሌ እላለሁ፣ ሁሌ ዎርዱን ብቻ ይዘው ይመጣሉ።

ከለር ለማተም ብር የለኝም፣ በብላክ ኤንድ ዋይት ይሁን። ግራጫው ቦታ ላይ ያለው ጽሁፍ ለምን ይጠፋል?

ሌዘር ፕሪንተር ግራጫ ቀለም የለውም። ጥቁር ቶነር ብቻ ነው ያለው፣ ግራጫ ለማስመሰል ጥቁር ነጥቦችን ነጭ ወረቀት ላይ ይበትናል። ሰርገኛ ጤፍ ከሩቅ ሲያዩት አንድ መልክ አለው፣ ዝግን ስታደርጉት ነጩና ጥቁሩ ለየብቻው ነው፣ ልክ እንደዛ። ስለዚህ ግራጫ ላይ የተጻፈ ቀጭን ፊደል ከነጥቦቹ ጋር ይቀላቀላል፣ ግራጫ ፊደል ግራጫ ላይ ከሆነማ ፈልጋችሁ አታገኙትም። 600 ዲፒአይ ፕሪንተር ነው ቢባልም ያ 600 ሙሉ ጥቁር ላይ ነው የሚሰራው፣ ግራጫ ላይ አቅሙ በጣም ነው የሚወርደው።

መፍትሄው ግራጫውን ማንሳት ነው። ሲስተሙ ላይት ቲም ካለው እሱን ምረጡ፣ ነጭ ላይ ጥቁር። ከሌለው ዎርድ ላይ ምስሉን ነክታችሁ ፒክቸር ፎርማት፣ ኮሬክሽንስ፣ ብራይትነስና ኮንትራስት ትንሽ ጨምሩ፣ ፈዛዛው ግራጫ ወደ ነጭ ይሄዳል ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አታብዙት፣ ቀጫጭን መስመሮችም አብረው ይሄዳሉ።

በዱፕሊኬተር ወይም በፎቶ ኮፒ የሚባዛ ሞጁል ከሆነ ይሄ ነገር እጥፍ ይሆናል። ኮፒ የኮፒ ሲሆን ፈዛዛው ግራጫ ወይ ይጠፋል ወይ ይጠቁራል፣ መሃል የለም። ለሚባዛ ነገር ኦሪጅናሉን ከፕሪንተር አውጡ እንጂ ከኮፒ ላይ ኮፒ አታድርጉ።

ዳርክ ሞድ ለአይን ጥሩ ነው ይባላል፣ በሱ ያነሳሁት ችግር አለው?

ለአይን ይሁን፣ ለወረቀት አይሁን። ቶነሩ ጥቁሩን ሲሞላ ወደ ቀጭኖቹ ነጭ ፊደሎች ይገባና ይደፍናቸዋል፣ የአማርኛ ቀለበቶች ቀድመው ይደፈናሉ። ቶነርም ይጠጣል፣ ወረቀቱም ይጠቀለላል። የኮድ ኤዲተሩን ወደ ነጭ ቀይራችሁ አንሱ። ያ ጥቁሩ የኮማንድ መስኮት ከሆነ ደግሞ ለምን ስክሪንሾት? ጽሁፉን ኮፒ አድርጋችሁ በኩሪየር ኒው ፎንት ለጥፉት፣ ጽሁፍ ሆኖ ይወጣል፣ ፈላጊም ሰርች ያደርገዋል።

በከለር አሳትሜ ፊደሉ ጎንና ጎን ቀይና ሰማያዊ ጥላ አለው፣ ፕሪንተሩ ነው?

አሁንም ፕሪንተሩ አይደለም ☺ ዊንዶውስ ላይ ክሊርታይፕ የሚባል ነገር አለ፣ ፊደል ስክሪን ላይ እንዲጠራ የእያንዳንዱን ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል ለየብቻ ይጠቀማል። ስክሪኑ ላይ አይን አይለየውም፣ ስክሪንሾት ሲሆን ግን ከለሩ ይቀራል፣ ሲተልቅ ይታያል። በብላክ ኤንድ ዋይት ሲታተምም ጠርዙን ግራጫ ያደርገዋል። ስታርት ላይ ክሊርታይፕ ብላችሁ ሰርች አድርጉ፣ አጥፉት፣ ስክሪንሾቶቹን አንሱ፣ ስትጨርሱ መልሱት። ሁለት ገጽ ላለው ነገር አያስፈልግም፣ ለሚታተም መጽሐፍ ወይም ለትልቅ ማኑዋል ግን ዋጋ አለው።

እዚህ ጋ ይጫኑ ለማለት ቢጫ ሃይላይት ብጠቀምስ?

ቢጫ በብላክ ኤንድ ዋይት ነጭ ነው ማለት ይቻላል፣ አይታይም። ቀይ ደግሞ ግራጫ ይሆናል፣ «በቀይ የተከበበውን ይጫኑ» ብሎ የጻፈ ማኑዋል በጥቁር ታትሞ ወረዳ ድረስ ሲሄድ አይቻለሁ፣ አንባቢው ቀዩን ከየት ያምጣ። ጥቁር ክብ ውስጥ ነጭ ቁጥር አድርጉ፣ 1፣ 2፣ 3፣ ከስር በቁጥር አብራሩ። ቀስቱንና ክቡን ከምስሉ ጋር ግሩፕ አድርጉና «ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት» በሉት፣ አለበለዚያ ከላይ አንድ መስመር ሲጨመር ቀስቱ ሌላ ቦታ ላይ ይቀራል። ነጭ መስኮት ነጭ ወረቀት ላይ ጠርዙ ስለማይታይም ግማሽ ፖይንት ውፍረት ያለው ጥቁር ቦርደር አድርጉለት።

የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ሰንጠረዥና የጂአይኤስ (የካርታ ስራ ሶፍትዌር) ማፕ ስክሪንሾት አድርጌ አስገብቻለሁ፣ ይበቃል?

ይሄን ስክሪንሾት ማድረግ ለምን አስፈለገ? ሶፍትዌሩ ራሱ ኤክስፖርት የሚል አለው። የኤስፒኤስኤሱን ሰንጠረዥ ወደ ዎርድ ኤክስፖርት አድርጉት፣ ጽሁፍ ሆኖ ይመጣል። ከኤክሴል ግራፍ ስታመጡ ፔስት ስፔሻል ብላችሁ ኢንሃንስድ ሜታፋይል ምረጡ፣ መስመሩ ቢተልቅም አይሰበርም። የጮቄን ተፋሰስ ወይም የቆጋን መስኖ ማፕ የሚሰሩ ልጆች ደግሞ ኪውጂአይኤስ ላይ በፕሪንት ሌይአውት ኤክስፖርት ያድርጉ፣ ሲጀመር 300 ላይ ነው ያለው፣ 300 የሚያምረው እዚህ ነው። ስክሪን ላይ ያለውን ማፕ ክሮፕ ማድረግ ሌጀንዱን ይገድለዋል፣ ስኬሉም ይዛባል።

ሲስተሙ ተዘግቷል፣ ያለኝ ይሄ ትንሿ ስክሪንሾት ብቻ ናት። ማጥራት አይቻልም?

የሌለ ፒክስል አይመጣም፣ ግን እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል። ጂምፕ የሚባለው የምስል ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ ከፍታችሁ ስኬል ኢሜጅ በሉ፣ 2 ወይም 3 ወይም 4 እጥፍ፣ ሙሉ ቁጥር ይሁን፣ ኢንተርፖሌሽን የሚለውን «ነን» (None) አድርጉ። ደረጃ ደረጃ ያለው ጠርዝ ይኖረዋል ግን አይደበዝዝም፣ ወረቀት ላይ ከደበዘዘው ይልቅ ደረጃው ይነበባል።

በኤአይ አጥራልኝ የሚሉ አሉ። ተጠንቀቁ፣ ያንን የሚያደርገው ፊደሉን አንብቦ ሳይሆን ገምቶ ነው፣ 3ን 8 አድርጎ ጥርት ያለ 8 ሊሰጣችሁ ይችላል፣ የአማርኛ ፊደል ላይማ ያልነበረ ፊደል ይፈጥራል። ለአካውንት ቁጥርና ለዳታ ፈጽሞ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ፎርሙን ዎርድ ላይ እንደገና መስራት ነው፣ አንድ ሻይ እስኪጠጣ ያልቃል።

የስልክ አፕ ስክሪንሾትስ?

የስልክ ቀላል ነው። የብዙ ስልክ ስክሪን 720 ወይም 1080 ፒክስል ስፋት አለው፣ ፊደሉም ትልቅ ነው፣ ወረቀት ላይ 5 ወይም 6 ሳንቲሜትር ስፋት አድርጋችሁ ሁለት ሁለት ጎን ለጎን መደርደር ነው። ከላይ ያለውን የባትሪና የሰዓት መስመር ቁረጡት። በኬብል ወደ ኮምፒውተር አውጡት። አንዳንድ የባንክ አፖች ስክሪንሾት አያስነሱም፣ ለደህንነት ሆን ተብሎ ነው፣ አትታገሉ።

የደንበኛ ስምና ስልክ ቁጥር አለበት፣ ዎርድ ላይ ጥቁር ሳጥን ባደርግበት ይበቃል?

በወረቀት ይበቃል፣ ሶፍት ኮፒ ከተሰጠ አይበቃም። ሳጥኑን ጎተት ሲያደርጉት ከስሩ አለ። ክሮፕ ያደረጋችሁትም ዎርድ ውስጥ ተደብቆ ነው እንጂ አልሄደም። ፔይንት ላይ ምስሉ ላይ ራሱ አጥቁራችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ከሁሉም በላይ ግን ከመነሻው በሙከራ ዳታ አንሱ፣ «አበበ ከበደ» ብላችሁ ሞልታችሁ።

በመጨረሻ ምን ይዤ ልምጣ?

ዎርዱንም ፒዲኤፉንም። ፒዲኤፍ ሲደረግ ስታንዳርድ የሚለውን እንጂ ሚኒመም ሳይዝ የሚለውን አትምረጡ፣ እሱ ምስሉን ይጨምቃል። ፕሪንት ሲደረግ «አክችዋል ሳይዝ» አስብሉ፣ «ፊት» (Fit) ከሆነ ገጹን ትንሽ ያሳንሰዋል፣ ያ ሁሉ የ150 ስሌት ይበላሻል። የቶነር ቁጠባ ሞድ በርቶ እንደሆነም ጠይቁ፣ ባለሱቁ ላያስታውሰው ይችላል። እና ሰባ ገጹን በአንዴ አስወጣ አትበሉ፣ ስክሪንሾት የሚበዛበትን አንድ ገጽ ብቻ አስወጡና በር ላይ ወጥታችሁ በጸሃይ እዩት፣ በሱቁ አምፖል ሁሉም ጥሩ ነው የሚመስለው። ትንሿ ፊደል ከተነበበች ቀሪውን እንለቀዋለን፣ መብራት ካልሄደ።